ክምችቱ ጠባቂ ይኑረው

ለዚህ ለመልካ ወረር የምርምር ማዕከል ባልደረቦች፣ ከሰመራ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጣችሁ ለመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎና ከአሚባራ ጤና ጣቢያዎች ለተገኛችሁ የመረጃ ባለሙያዎች ስለ ሊኑክስ እንድናገር ጥሪው ሲደርሰኝ «በዚህ ርዕስ ቅዳሜ ጠዋት ማን ይመጣል?» ብዬ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሳየው ደስ ብሎኛል። የሳባችሁ ርዕሱ ይሁን የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ግን አልጠይቅም።

ርዕሴ ጠባብ ነው። ሊኑክስ ይሻላል ወይስ ዊንዶውስ የሚለውን ክርክር ለሻይ ሰዓት እንተወው። የምናገረው በክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ላይ ስለሚጫኑት የሶፍትዌር ፓኬጆች ክምችት ነው። ክምችቱ ከየት ይመጣል? ማን ፈትሾት ነው የሚመጣው? እዚህ መልካ ወረር ድረስ በምን ይደርሳል? ከደረሰስ በኋላ ማን ይይዘዋል? በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ፓኬጅ ስል ከቴሌ የምንገዛውን ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ዋጋ ግን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ይቆማል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገርና ቶሎ እንግባ። አንድ ሶፍትዌር መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ክምችቱን ይዞ መዝለቅ ግን መደበኛ ሥራ ነው፤ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ደብዳቤ ተጽፎለት፣ በስም የተመደበ ጠባቂ ይፈልጋል። በየመሥሪያ ቤታችን የሚበላሸው ነገር አብዛኛው የሚበላሸው ይህ ሰው ስለሌለ ነው። ይህንን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹብኝ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። በዊንዶውስ ያደገ ሰው ፕሮግራም ሲያስፈልገው ድረ ገጽ ያስሳል፣ ያወርዳል፣ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያለ ይጭናል። ካልሆነም ጓደኛው በፍላሽ ያመጣለታል፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት የተቀየሩበት ፍላሽ ያልገጠመው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። አየሁ፣ ማንም የለም።

በሊኑክስ መንገዱ ሌላ ነው። ኢያን መርዶክ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1993 ደቢያን የሚባለውን ስርጭት ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በየቦታው ተበታትኖ የሚጻፈውን ነፃ ሶፍትዌር በአንድ ሥርዓት አሽጎ፣ እርስ በርሱ እንዲግባባ አድርጎ፣ በአንድ ክምችት ማስቀመጥ። እያንዳንዱ ፓኬጅ ኃላፊ አለው። ፓኬጁ ውስጥ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳሸገው፣ ስንተኛ እትም እንደሆነና ለመሥራት ሌላ ምን እንደሚፈልግ የሚገልጽ ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የደቢያን 12ኛ እትም ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛው ወደ 70,000 ተጠግቷል። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ኡቡንቱም፣ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው፣ መሠረቱ ይኸው የደቢያን ክምችት ነው። ያኔ የጠየቀ ሁሉ የኡቡንቱ ሲዲ በፖስታ በነፃ ይላክለት ነበር፤ ከመካከላችሁ ያን ፖስታ የከፈተ አይጠፋም። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያምታቱትን አንድ ነገር እዚሁ ላጥራው። «አፕት» በሚባለው የፓኬጅ መጫኛ «አፕት አፕዴት» ስትሉ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይጫንም። የሚመጣው ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ ክምችቱ ውስጥ ዛሬ ምን ምን አለ፣ ስንተኛ እትም ነው የሚለው። ፓኬጁ ራሱ የሚወርደው «አፕግሬድ» ወይም «ኢንስቶል» ስትሉ ነው። ከስድስት ወር በፊት የመጣ ዝርዝር ይዞ «ፓኬጁ የለም ይለኛል» የሚል ሰው በየሳምንቱ ይደውልልኛል። አለ እኮ፤ ዝርዝሩ ነው የጃጀው።

ክምችቱ ለእኛስ ምን አለው? ብዙ አለው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ዛሬ «አቢሲኒካ» የሚባለው የፊደል ቅርጽ ደቢያንና ኡቡንቱ ክምችት ውስጥ በአንድ ትእዛዝ ይገኛል። አማርኛ በእንግሊዝኛ የፊደል ገበታ ለመጻፍ የሚያስችለው «ሴራ» የተባለው ስልትም አብሮ አለ።

ለአፋርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ፕሮጀክተሩ ላይ አንድ ነገር ላሳይ። ማንኛውም የተለመደ ሊኑክስ የቆመበት መሠረታዊ የፕሮግራም ስብስብ፣ «ጂሊብሲ» የሚባለው፣ የየአገሩን የቀንና የወር ስም፣ የገንዘብ ምልክትና የመሳሰለውን የያዙ ፋይሎች አሉት። ከእነሱ መካከል አፋርኛ አለ፤ ለኢትዮጵያ፣ ለጅቡቲና ለኤርትራ ለየብቻው ተዘጋጅቶ። የኢትዮጵያው ፋይል ላይ በአዘጋጅነት የተጠቀሰው ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። አሁን ይህን ላፕቶፕ በአፋርኛ እንዲቆጥር አድርጌ የዛሬውን ቀን ስም እጠይቀዋለሁ። እዩት፤ «ሳብቲ» አለ፣ በአፋርኛው የላቲን ፊደል። ሴፕቴምበርን ብጠይቀው «ዋይሱ» ይላል። ይህ ፋይል ከሃያ ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ማሽኖች ላይ ተቀምጦ፣ የቋንቋው ባለቤቶች ኮምፒውተሮች ላይ ግን ሳይከፈት ኖሯል። ሰመራ ላይ አፋርኛ የምታስተምሩ መምህራን ከፍታችሁ እዩት። የወሮቹ አጠራር በአውሳና በዚህ በአሚባራ የሚለያይ ከሆነ ማረሚያ መላክ የሚችለው የእናንተ እንጂ የሌላ ሰው እውቀት አይደለም፤ ማረሚያውንም አዘጋጆቹ ይቀበላሉ።

ከዚህ ሳልወጣ ስለ ጥገኝነት ልናገር፤ የክምችት አስተዳደር ራስ ምታቱ እዚህ ነው። ይህ ማዕከል የጥጥ፣ የሰሊጥ፣ የለውዝና በመስኖ የሚለማ ስንዴ ሙከራ ያካሂዳል። ተመራማሪዎቹ ውጤታቸውን «አር» በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይተነትናሉ፤ አብዛኞቹም «አግሪኮሌ» የሚባለውን ፓኬጅ ይወዱታል። ፔሩዋዊው ፌሊፔ ዴ ሜንዲቡሩ የሠራው ነው፤ የሙከራ መደብ ያወጣል፣ የአማካይ ልዩነቶችን ይፈትሻል። የቀደሙት እትሞቹ «ክላር» የሚባል ሌላ ፓኬጅ ይጠሩ ነበር። ክላር ደግሞ «ክዌስሽነር» የሚባለውን ይጠራል፤ ክዌስሽነር «ሻይኒ» የሚባለውን። ሻይኒ ምን መሰላችሁ? የድር መተግበሪያ መሥሪያ ነው! አራት የጥጥ ዝርያ ለማወዳደር የተነሳ ሰው ሳያውቀው የድር መተግበሪያ መሥሪያ ከነቤተሰቡ ያወርድ ነበር። በዳታ ነው የሚያወርደው፣ ሒሳቡን እናንተው አስቡት።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። «አር» ራሱ በሊኑክስ ላይ ፓኬጅ ሲጭን ብዙ ጊዜ ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ እዚያው ይገነባዋል። ለግንባታው ኮምፓይለር ይፈልጋል፣ ፎርትራን ይፈልጋል፣ ሌላም ሌላም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ነን ዜሮ ኤግዚት ስታተስ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣና ተማሪው ላፕቶፑን ይዘጋል። ከእነዚህ ፓኬጆች ብዙዎቹ ግን ተገንብተውና ታሽገው በደቢያን ክምችት ውስጥ «አር ክራን» በሚል ቅድመ ስም ተቀምጠዋል። «ኤልኤምኢ ፎር» የሚባለውን የአር ፓኬጅ ከምንጭ መገንባት በአሮጌ ማሽን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከክምችቱ መጫን ግን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሆይ፣ መጀመሪያ ክምችቱን ጠይቁ። እዚያ ያልተገኘውን ብቻ ከውጭ አምጡ።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ማን ፈትሾት ነው የሚመጣው? እዚህ ላይ ከማዕከሉ ሥራ አንድ ምሳሌ ልዋስ። አዲስ ዝርያ ከአራቢው እጅ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አርሶ አደሩ ወይም ወደ ከፊል አርብቶ አደሩ ማሳ አይሄድም። የአራቢ ዘር ነው፣ ከዚያ ቅድመ መሥራች፣ ከዚያ መሥራች፣ በመጨረሻ የተመሰከረለት ዘር ሆኖ ምልክት ተሰፍቶበት ይወጣል። ደቢያንም እንዲሁ ነው። አዲስ ፓኬጅ መጀመሪያ «አንስቴብል» ወደሚባለው ክፍል ይገባል። ጥቂት ቀናት፣ እንደየአስቸኳይነቱ ከ2 እስከ 10 ቀን፣ ከባድ ችግር ካልተገኘበት ወደ «ቴስቲንግ» ያልፋል። እዚያ ወራት ይቆያል፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ በሩ ተዘግቶ፣ ተጣርቶ፣ «ስቴብል» ሆኖ ይወጣል። ማሳ ላይ የምትዘሩትን ከየትኛው ደረጃ እንደምትወስዱ ታውቃላችሁ። ሰርቨር ላይ የምትጭኑትንም እንዲሁ እወቁ።

በከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ እዚህ የዲጂታል ፊርማ ነው። ክምችቱ ዝርዝሩን ይፈርማል፤ ዝርዝሩ የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ ይይዛል። በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል ከተለወጠች ኮምፒውተራችሁ አልጭንም ይላል። በዚህ ምክንያት ፓኬጁ በማን እጅ አልፎ መጣ የሚለው ብዙም አያስጨንቅም። በአውቶቡስ ይምጣ፣ በፍላሽ ይምጣ፣ ፊርማው ከሰመረ እሱው ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

በዚህ አገር በተለይ የሚያጋጥም ነገር ልንገራችሁ። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ «ሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም» የሚል መልእክት እየሰጡ አልጭንም አሉ። ቴክኒሻኑ ኔትወርኩን ፈታትሾ፣ ኬብል ቀይሮ፣ በመጨረሻም ክምችቱ ተጠልፏል ብሎ ደምድሞ ጠበቀኝ። የተጠለፈ ነገር አልነበረም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች፤ በሙቀት ቶሎ ትሞታለች፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያምን ማሽን በ2024 የተፈረመ ዝርዝር ገና ያልደረሰ የወደፊት ነገር ነው። በሱቅ የምትገኝ ትንሽ ባትሪ ናት የፈታችው። ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን ይህን ሙቀት እያየን የማሽን ሰዓት መፈተሽ ከሥራው የመጀመሪያው ነው።

ፊርማ ግን ሁሉን አይችልም፤ ይህንንም ሳልሸፍን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሰርቨሩ ላይ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ አገር ግማሽ ሰከንድ ማን ይቆጥራል? እሱ ግን ቆጥሮ፣ ተከታትሎ፣ «ኤክስ ዜድ» በሚባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ ሰው ሁለት ዓመት ያህል ጥሩ ሥራ እየሠራ አመኔታ ካገኘ በኋላ ያስገባው ነው። አስተውሉ፤ የተበከለው እትም ወደ አንስቴብልና ቴስቲንግ ገብቶ ነበር፤ ወደ ስቴብል ግን ገና አልደረሰም። ደረጃ በደረጃ ማለፉ አዳነን።

ለእኔ ከዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። የኤክስ ዜድ ጠባቂ ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነበር፤ ለዓመታት ብቻውን፣ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። ደክሞት ነበር፤ መድከሙንም በአደባባይ ተናግሯል። ሰርጎ ገቡ የገባው በዚያ ድካም በኩል ነው። ስለዚህ ጠባቂ ይመደብ ስል አንድ ልጅ ላይ ጭነነው እንርሳው ማለቴ አይደለም። ተተኪ ይኑረው፣ ዕረፍት ይውጣ፣ ሌላ ሰው ይለፍ ቃሉንና አሠራሩን ይወቅ።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን፤ እዚህ ድረስ በምን ይደርሳል? አሁን የቴሌው ፓኬጅ መጣ። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ 40 ኮምፒውተር አለ እንበል። የዚህ ወር ማሻሻያ ለእያንዳንዱ 400 ሜጋባይት ቢሆን፣ ሁሉም በየግሉ ሲያወርድ 16 ጊጋባይት ይሆናል። የሚወርደው ግን ያው አንድ ፋይል፣ አርባ ጊዜ ነው። ይህ ብክነት ብቻ አይደለም፤ የግቢው መስመር ቀኑን ሙሉ ይታነቃል፣ ኢሜይል የሚልከው ሰው ይማረራል፣ በመጨረሻ አስተዳደሩ «ማሻሻያውን አጥፉት» ይላል። ካጠፉት በኋላ ማሽኖቹ ለሁለት ዓመት ሳይታደሱ ይቀመጣሉ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። «አፕት ካቸር ኤንጂ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ሌሎቹ ፓኬጅ ሲፈልጉ እሱን ይጠይቃሉ፤ በር ቁጥሩ 3142 ነው። እሱ ከሌለው ከኢንተርኔት አንድ ጊዜ ያመጣና ያስቀምጣል፤ ለቀሩት 39 ማሽኖች ከራሱ ዲስክ ይሰጣል። በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ይገባል፤ ፊርማውን የሚያረጋግጠው እያንዳንዱ ማሽን ራሱ ስለሆነ፣ መሐል ላይ የቆመው አሮጌ ኮምፒውተር ፓኬጁን ሊለውጥ አይችልም።

ኢንተርኔቱ ጭራሽ በሌለበትስ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ብዙ መሥሪያ ቤት አንድ ፓኬጅ እንኳ መጫን አቅቶት ነበር። በውስጡ ሙሉ ቅጂ፣ እኛ «ሚረር» የምንለውን፣ የያዘ ግቢ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የምርምርና የትምህርት ኔትወርኮች እንዲህ ያለ ሚረር ለአገራቸው ያኖራሉ። እኛም በየግቢያችን ማኖር እንችላለን። ሙሉ የኡቡንቱ ክምችት ከአንድ ቴራባይት በላይ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ማሽንና ለአንድ እትም ብቻ ከመረጣችሁት ግን በጣም ያንሳል።

«ይህን ሁሉ በየትኛው መስመር እናወርዳለን?» እንዳትሉኝ፤ መልሱ በራችሁ ላይ የሚያልፈው አስፋልት ነው። አንድ ቴራባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር፣ አንዴም ሳይቆራረጥ፣ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። አዲስ አበባ ላይ በጥሩ መስመር የተቀዳ ዲስክ በቦርሳ ተይዞ ማታ መልካ ወረር ይገባል፤ ሌላው በማግስቱ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎጊያን አልፎ ሰመራ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ መረጃ በካርድ ሲመላለስ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወለንጪቲና በወንጪ ለሕፃናት ታብሌት ተሰጥቶ አስተማሪ ሳይኖራቸው ምን እንደሚማሩ ሲታይ፣ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር። ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተውታል። መስመር አለመኖሩ ካላገዳቸው ልጆች መካከል የወለንጪቲዎቹ የዚሁ መንገድ ልጆች ናቸው።

ነጠላ ማሽን ከሆነ ደግሞ «አፕት ኦፍላይን» አለ። ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ያወጣል፤ ፍላሹን መስመር ወዳለበት ወስዳችሁ ታስሞሉታላችሁ፤ ተመልሶ ይጭናል። ጤና ጣቢያ ላላችሁ ይህ ይጠቅማችኋል። የጤና መረጃችን የሚሰበሰብበት «ዲኤችአይኤስ ቱ» ራሱ ክፍት ምንጭ ነው፤ በጃቫና በ«ፖስትግሬስ» ላይ የቆመ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ። ሰርቨሩ የሚተነፍሰው ከክምችቱ በሚመጡት ፓኬጆች ነው።

ስለ መብራት አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። አፕግሬድ መሐል ላይ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» የሚል መልእክት ታገኛላችሁ። መልእክቱ ምን መጻፍ እንዳለባችሁ እዚያው ይነግራችኋል፤ አንብቡትና እንዳለ ጻፉት። የመቆለፊያ ፋይል ፈልጋችሁ የምትሰርዙ ልጆች ግን፣ እባካችሁ። ያ ፋይል ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ክምችቱን እንዳይነካ የቆመ ነው።

አራተኛውና ዋናው፤ ማን ይይዘዋል? እዚህ ላይ ጠጠር ብዬ ልናገር። በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ አንድ ሰርቨር አለ። አንድ ጎበዝ ልጅ ጫነው፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሄደ። ሰርቨሩ ስንተኛ እትም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትም አምስት ዓመት በነፃ ይደገፋል፤ የ2020ው እትም መደበኛ ድጋፉ በ2025 አብቅቷል፣ የ2022ቱ እስከ 2027 ይሄዳል። «ሴንቶስ 7» ደግሞ ጁን 30 ቀን 2024 ተዘግቷል። እነዚህን ቀኖች ግድግዳ ላይ የለጠፈ መሥሪያ ቤት ካለ ሄጄ እጁን እጨብጣለሁ።

ሁለተኛው በሽታ ከየቦታው የተለቃቀመ ምንጭ ነው። አንዱ ድረ ገጽ «ይህን መስመር ጨምር» ይላል፣ ይጨመራል፤ ሌላው ሌላ ይላል፣ ይጨመራል። ከዓመት በኋላ ያ ማሽን ከስድስት ክምችት እየጎተተ፣ አንዱ የሌላውን እትም እየረገጠ፣ ወደ አዲስ እትም መሸጋገር ያቅተዋል። «ፓይተን» ላይም እንዲሁ። ደቢያን ከ12ኛው እትም ጀምሮ «ፒፕ» በተባለው የፓይተን መጫኛ ሲስተሙ ላይ በቀጥታ ልጫን ለሚል ሰው «ይህ አካባቢ በሌላ ይተዳደራል» ብሎ ይከለክላል። ለብቻ በተከለለ ቦታ እንዲጭን ይመክረዋል። ተማሪው ግን ሌላ አማራጭ አገኘ፤ የአማራጩ ስም ራሱ «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ነው። በግልጽ ጽፈውለት፣ አስጠንቅቀውት፣ ይጽፈዋል! ከዚያ «ሊኑክስ ይበላሻል» ይላል።

ለተመራማሪዎች ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ፤ ምክንያቱም የሚበላሸው በዝምታ ነው። በመደብ ላይ ዝርያዎችን በዕጣ ስትደለድሉ በ«አር» የዘር ቁጥር («ሲድ») ሰጥታችሁ ታስወጣላችሁ። የማሳ መዝገቡ ቢጠፋ ያንኑ ቁጥር ሰጥቼ ያንኑ ድልድል አወጣለሁ ብላችሁ ትተማመናላችሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 በወጣው የአር 3.6.0 እትም ግን የ«ሳምፕል» ነባሪ አሠራር ተቀየረ። በአሮጌው እትም ያወጣችሁትን ድልድል በአዲሱ፣ በተመሳሳይ ቁጥር፣ ብታስወጡ ሌላ ድልድል ሊመጣ ይችላል። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ማሳው ላይ የተተከለው ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። የ2020ው 4.0.0 ደግሞ ጽሑፍ ያለበትን ዓምድ ሲያነብ በራሱ ወደ ምድብ መቀየሩን ተወ፤ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ኮድ በድንገት ሌላ ጠባይ ያመጣው በዚህ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትንተና ግርጌ የ«ሴሽን ኢንፎ»ን ውጤት ለጥፉ፤ የአር እትም፣ የእያንዳንዱ ፓኬጅ እትም፣ ስርዓተ ክወናው። አማካሪ መምህራን ይህ የሌለበትን የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ብትመልሱ እኔ ከጎናችሁ ነኝ። ሙከራው እስኪያልቅ እትሙ እንዳይነቃነቅ የምትፈልጉትን ፓኬጅ ደግሞ «ሆልድ» አድርጉት፤ ሙከራው ሲያልቅ ግን መፍታቱን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ጠባቂው ነው።

ጠባቂው ምን ያደርጋል ለምትሉኝ፣ ሥራው ይህን ያህል ነው። የትኛው ማሽን ላይ ምን እትም እንዳለ በደብተር ይይዛል። በወር አንድ ቀን ማሻሻያ ያወርዳል፤ መጀመሪያ በአንድ ማሽን ላይ ይሞክራል፣ ከዚያ ለሌሎቹ ይለቃል። የደኅንነት ማሻሻያ ግን ወር አይጠብቅም። የተጨመረ የውጭ ምንጭ ካለ ማን፣ ለምን፣ መቼ እንዳስጨመረው ይመዘግባል። የማያስፈልገውን ያስወግዳል። ለዚህ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ ዲፕሎማ ያለው፣ ጠንቃቃ፣ እንግሊዝኛ መልእክት አንብቦ የሚረዳ ሰው ይበቃል። የሚያስፈልገው ከአለቃው የተሰጠ ጊዜ ነው። ፕሪንተር ወረቀት በነከሰ ቁጥር የሚጠራ ልጅ ክምችት ሊጠብቅ አይችልም።

እንግዲህ ኃላፊዎች ፊት ለፊት ተቀምጣችኋልና ልጠይቃችሁ። ሰኞ ስትገቡ አንድ ጠባቂና አንድ ተተኪ በደብዳቤ መድቡ። ከንብረት ክፍል ሊወገድ ከተዘጋጀው ዕቃ መካከል አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር አስወጡና ለክምችቱ ስጡ፤ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ከዩፒኤስ ጋር። አዋሽ፣ መልካ ወረርና ሰመራ ያላችሁ ደግሞ አንድ ዲስክ በጋራ ግዙና በየወሩ ተቀባበሉት፤ የመስክ መኪናችሁ እንደሆነ በዚህ መንገድ መመላለሱ አይቀርም።

አፕት ካቸር ኤንጂ ራሱ ክምችቱ ውስጥ አለ፤ ለመጫን አንድ ትእዛዝ ነው። የዚህን ዓመት የኡቡንቱ ክምችት የያዘ ዲስክ ይዤ መጥቻለሁ። ባዶ ዲስክ ያላችሁ ከሻይ በኋላ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ፣ እንቀዳለን፤ ጥያቄም በዚያው እቀበላለሁ።